ትናንት የሥራ ባልደረቦቼ የነበሩትን ሰዎች ዛሬ እንድመራ ተመደብኩ፤ በስብሰባ ላይ ግን እውነቱን የሚነግረኝ አጣሁ

ዳሞት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የእህል ግዥና መጋዘን ክፍል አስተባባሪ ሆኜ ከተመደብኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት በዚሁ ክፍል የእህል ጥራት መርማሪ ነበርኩ። በሥሬ ካሉት ሠራተኞች አንዱ የመጋዘን ኃላፊው ናቸው። በዕድሜ አባቴን የሚያህሉና ሥራውንም ያስተማሩኝ ሰው ስለሆኑ፣ እስከ ዛሬ የማነጋግራቸው «ጋሼ» እያልኩ በአንቱታ ነው። የቀሩት፣ ማለትም ሁለቱ የሚዛን ሠራተኞች፣ የመዝገብ ሠራተኛዋና ሾፌሩ፣ እኩዮቼ ናቸው፤ ምሳ በአንድ ትሪ እየበላን አለቃ ስናማ የኖርን ሰዎች ነን።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት በምናደርገው አጭር ስብሰባ ላይ ችግር ካለ እንዲነግሩኝ ስጠይቅ ሁሉም «ምንም የለም» ብለው ይለያያሉ። በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ግን በቢን ካርዱ (የእያንዳንዱ ክምር ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ) ላይ የተጻፈውና በመጋዘኑ ውስጥ ያለው በቆሎ አይገናኝም። ያለፈውን ጉድለት የሰማሁት ከኦዲተሩ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ ነገሩን ቀደም ብለው ያውቁ እንደነበር የተረዳሁት ሥራ አስኪያጁ ከጠሩኝ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ከሚዛን ሠራተኞቹ አንዱ ማርፈድ ልማድ ሆኖበታል። የቅርብ ጓደኛዬ ስለሆነ ፊት ለፊት ለመናገር ይሉኝታ ይይዘኛል፤ ዝም ስለው ደግሞ ሌሎቹ በዓይናቸው ይታዘቡኛል።

ጋሼን ሳላስቀይም፣ ከእኩዮቼም ጋር ሳልቆራረጥ፣ ነገሩ ሳይበላሽ በፊት እውነቱን እንዲነግሩኝ ማድረግ የምችለው እንዴት ነው?

ጮቄ

እንደ እኔ አስተያየት ከመጋዘን ኃላፊው መጀመር ይሻላል። አንቱታውን እንዳይተዉት። አንዳንድ አዲስ ተሿሚዎች ሥልጣናቸው የሚታወቀው አነጋገራቸውን ሲለውጡ ይመስላቸዋል፤ በእኛ አገር ግን ታላቁን ያቃለለ አለቃ ከታናናሾቹም ዘንድ ክብር አያገኝም። መምራትና ማክበር የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። የሚያጣላቸው ውሳኔው የማን እንደሆነ ሳይለይ ሲቀር ነው። ስለዚህ ለብቻቸው ያነጋግሯቸውና በመጋዘኑ ውስጥ የእርሳቸው ቃል የመጨረሻ የሚሆንባቸውን ጉዳዮች ለይተው ይስጧቸው። ለምሳሌ ጆንያው በየትኛው ወለል እንደሚደረደር፣ የቱ እህል ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ነቀዝ የታየበት ክምር መቼ እንደሚለይ ለመወሰን ከእርሳቸው የተሻለ ሰው የለዎትም። በግዥ መጠንና በሪፖርት ላይ ግን የሚጠየቁት እርስዎ መሆንዎን በዚያው ቀን በግልጽ ይንገሯቸው። እንዲህ ያለው ነገር ሳይነገር ሲቆይ ነው ቂም የሚሆነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አጠያየቅዎ ነው። በሰው ፊት ችግር አለ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ፣ አለ ቢል ባልደረባውን ማሳጣቱ ወይም ራሱን ማስገመቱ ስለሆነ «ምንም የለም» ማለቱ አያስደንቅም። ጥያቄዎ አንድ የተወሰነ ነገር ይያዝ። «ባለፈው ሳምንት ከገባው ጭነት የትኛው ያሳስብዎታል?» ወይም «ቆጠራው ዛሬ ቢሆን የቱ ክምር ላይ ልዩነት ይገኛል ትላላችሁ?» ቢሉ፣ የሚያሳስብ ነገር መኖሩን እርስዎ አስቀድመው ስለተቀበሉ ተናጋሪው ከሳሽ አይመስልም። የራስዎን አስተያየትም መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ አለቃ ከተናገረ በኋላ የሚሰጥ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ የአለቃው ሐሳብ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የመጀመሪያውን መጥፎ ወሬ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚያየው ፊት ወሳኝ ነው። በዚያች ቅጽበት ቢቆጡ ወይም «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ቢሉ፣ ሌላ ወሬ ለመስማት እንደገና ኦዲተሩን መጠበቅዎ ነው። የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ የሚፈጸሙ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን ሲያጠኑ፣ መልካም አመራር ያላቸው ክፍሎች ከሌሎቹ የበለጠ ስሕተት መዝግበው አገኙ። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት፣ በእነዚያ ክፍሎች ያሉ ሠራተኞች ስሕተታቸውን ለመናገር እንደማይፈሩ፣ በሌሎቹ ግን ነገሩ ተሸፋፍኖ እንደሚቀር ተረዱ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የሚነገርዎት ችግር ቁጥር ቢጨምር ክፍሉ እየተበላሸ ነው ብለው አይደንግጡ።

ፍኖተ ሰላም

በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ስላለሁ ስለ ማርፈዱ ብቻ ልናገር። ጓደኛዎን በመጀመሪያ ለብቻው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሳይሆን በቢሮዎ ውስጥ ያነጋግሩት። ቦታው ለውጥ አለው፤ በቡና መሀል የተነገረ ተግሣጽ በጓደኝነት ቀልድ ይታለፋል። ያረፈደባቸውን ቀናት ከሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ አውጥተው ያሳዩት፤ ምክንያቱንም ከልብ ይስሙት። የታመመ ቤተሰብ ወይም የትራንስፖርት ችግር ካለበት የፈረቃ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻል ይሆናል።

ካልታረመ ወደ ጽሑፍ መሄድ ግድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት ማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ለመሰናበት የሚያበቃው፣ ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲያረፍድ ነው። ስለዚህ በቃል ብቻ ሲቆጡ የከረሙ አለቃ አንድ ቀን ተነሥተው «በቃህ» ቢሉ ሕጉ አብሯቸው አይቆምም። ይህን የምለው ጓደኛዎን እንዲያሰናብቱ አይደለም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጠላትነት ሳይሆን ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሥርዓት መሆኑን እንዲያውቁት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቢሆኑ ኖሮ የሚመለከትዎ የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነበር፤ የዩኒየን ቅጥር ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ ሥር ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በግዥ ወቅት ምሽት ላይ ጭነት ሲገባ ሠራተኞቹ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያገኛሉ? እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በ1.5፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75 ተባዝቶ መከፈል አለበት። ሌሊት ላይ ሲያራግፍ አምሽቶ ያልተከፈለው ሰው ጠዋት ቢያረፍድ፣ እርሱ በልቡ ሒሳቡን እያወራረደ ነው።

ወምበርማ

ከጮቄ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ሠራተኛን ለብቻ ጠርቶ ማነጋገር በትንሽ ክፍል ውስጥ ሐሜት ያመጣል። ዛሬ እርስ በርሳቸው የማይወነጃጀሉ ሰዎች ነገ «ማን ምን ብሎ ይሆን?» እያሉ ይጠባበቃሉ፤ ጋሼም የሚጠረጠሩ ይመስላቸዋል። እኔ የምመክረው ሥራውን በስም ማከፋፈልን ነው። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ስምንት ሆነው ሲጎትቱ እያንዳንዳቸው ያወጡት ጉልበት ለብቻቸው ሲጎትቱ ከሚያወጡት ግማሽ ያህል ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ከፊሉ መቀናጀት ስለሚያስቸግር ነው፤ ኋላ የመጡ ጥናቶች ግን የማን ድርሻ እንደሆነ በማይታወቅበት ሥራ ሰው ጉልበቱን እንደሚቆጥብም አረጋግጠዋል። ወንፈልን ያየ ገበሬ ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም፤ ዛሬ በማን ማሳ ላይ ማን እንደመጣና ነገ ለማን እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል፣ የቀረውም ይታወቃል። በእርስዎ ክፍል ሚዛን ላይ የቆመው፣ እርጥበት የለካው፣ ገቢ ደረሰኙን የጻፈው ሰው ስሙን በየጭነቱ ላይ ይፈርማል ወይስ ጉድለቱ «የክፍሉ» ይባላል?

ዳሞት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የትርፍ ሰዓቱ ነገር እውነት ነው፤ ክፍያው በሁለት ወር ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የወምበርማ ጥያቄ ግን አንድ ያልጻፍኩትን ነገር አስታወሰኝ። በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ስለሆነ እንደ ችግር አልቆጠርኩትም ነበር። ጉድለት ሲገኝ የጎደለው እህል በዋጋው ተሰልቶ ከመጋዘን ክፍሉ ሠራተኞች ደመወዝ ላይ እኩል ይቆረጣል። ከእኔም ተቆርጦብኝ ያውቃል። በቆሎውን የምንገዛው ከኅዳር ጀምሮ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ በእርጥበት መለኪያው ላይ እስከ 16 በመቶ የሚያሳይ እህል ይገባል፤ የሚሸጠው ደግሞ ከወራት በኋላ ነው።

ወምበርማ

እንግዲህ ነገሩ ተገኘ። እርጥበቱ 16 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል በቆሎ ውስጥ ያለው ደረቅ እህል 84 ኪሎ ነው፤ የቀረው 16 ኪሎ ውሃ ነው። መጋዘን ውስጥ ከርሞ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ሲወርድ፣ ያው 84 ኪሎ የጠቅላላ ክብደቱ 87 በመቶ ይሆናል። 84ን ለ0.87 ቢያካፍሉት 96.55 ኪሎ ያገኛሉ። ማንም አንዲት ፍሬ ሳይነካ፣ ከእያንዳንዱ ኩንታል 3 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ክብደት ወደ አየር ሄዷል ማለት ነው። በ1,000 ኩንታል ሲታሰብ ከ34 ኩንታል በላይ ይሆናል። ቢን ካርዱ ላይ ይህን የሚመዘግብ ሰው ከሌለ፣ የእናንተ ክፍል በየዓመቱ የውሃ ዋጋ ከደመወዙ ሲከፍል ኖሯል።

እንግዲህ ሠራተኞቹ ለምን ዝም እንደሚሉ መጠየቅ የለብዎትም። ጉድለት አየሁ ያለ ሰው የራሱንና የባልደረቦቹን ደመወዝ ለመቁረጫ ማስረጃ ማቅረቡ ነው። በእንዲህ ያለ ደንብ ሥር ጮቄ ያሉትን ጥያቄ ቢጠይቁ፣ እኔ ያልኩትን ፊርማ ቢያስፈርሙ፣ ሁሉም ነገሩን በሆዱ ይይዘዋል። እርግጥ ስሌቱ ሁሉንም ያነጻል አልልም። የጎደለው እርጥበቱና ነቀዙ ከሚወስዱት በላይ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሚዛኑንና በሩን መመርመር ነው፤ ያኔም ቢሆን የሚጠየቀው ማን እንደሆነ የተፈረመው ወረቀት ይለየዋል።

ፍኖተ ሰላም

ቆረጣውን በሚመለከት አዋጁ አንቀጽ 59 ላይ ግልጽ ነው። አሠሪው ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቀነስ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተወሰነ ሲሆን፣ ካልሆነም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በዚያም ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ጠቅላላ መጠን ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። «የቆየ ልማድ ነው» የሚለው ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። የዩኒየናችሁ የሥራ ደንብ ስለ ንብረት ጉድለት ምን እንደሚል ጽሑፉን አስወጥተው ያንብቡት። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ግን በክስ መልክ አይሂዱ፤ ሕጉን እንደ ዱላ ይዞ የገባ አስተባባሪ ቢያሸንፍ እንኳ ለሚቀጥለው ጉዳይ በር ይዘጋበታል።

ጮቄ

ወምበርማ ስለ ሐሜቱ ያሉት እውነትነት አለው፤ ለብቻ ማነጋገሩን ለጋሼና ለሚያረፍደው ጓደኛዎ ብቻ ያድርጉት። የደመወዝ ቆረጣው ሳይነሣ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ድካም እንደሚሆንም አሁን አምኛለሁ።

ወደ ሥራ አስኪያጁ የሚወስዱት አንድ ገጽ ወረቀት ይሁን። እህሉ ሲገባ የነበረውን እርጥበት፣ ዛሬ የተለካውንና በስሌቱ የሚጠበቀውን የክብደት ቅናሽ በየክምሩ ይጻፉበት፤ የሚጠይቁትም ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፤ ቅናሹ በየወሩ በቢን ካርዱ ላይ በማስተካከያ ሰነድ እንዲመዘገብና ከዚያ በላይ የሆነው ጉድለት ምክንያቱ እስኪጣራ ድረስ የደመወዝ ቆረጣ እንዲቆም። ሥራ አስኪያጁም ለቦርዱ የሚያቀርቡት ቁጥር ስለሚያስፈልጋቸው በቁጥር ይሂዱባቸው። ልኬቱን ጋሼ ራሳቸው ከመዝገብ ሠራተኛዋ ጋር ያካሂዱት፤ ቢሮም አብረዋችሁ ገብተው ስለ እህሉ የሚነሣውን ጥያቄ እርሳቸው ይመልሱ። የትርፍ ሰዓቱን መዘግየት በዚያው ቀን አያንሡት፤ ለብቻው ሌላ ቀን ይያዙለት።