«ብሬቭ» ላይ ጥፋተኛዋ እናትየዋ ናት?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእህቴ ልጅ ጋር የ2012ቱን (እ.ኤ.አ.) የፒክሳር አኒሜሽን «ብሬቭ»ን አየን። ልዕልቷ ሜሪዳ ቀስቷን ስትወጥር ያ የጠበበው ቀሚስ ትከሻው ላይ ሲተረተር የእህቴ ልጅ ጮኸች። የእኔ ዓይን ግን እናቷ ንግሥት ኤሊኖር ላይ ቀረ። ቀዩን ፀጉር ሻሹ ውስጥ የምትወሽቀው እሷ (ልጅት አንዷን ዘለላ መልሳ ታወጣታለች!)፣ ሥርዓት የምታስተምረው እሷ፣ ለጎሳ አለቆች ልጆች ልታጫት የምትሯሯጠውም እሷ። አባትየው ይበላል፣ ይስቃል፣ በቃ። ወጉ የሁሉም፣ ጥርስ የሚነከስባት ግን እሷ ብቻ። እናንተን አልቆረቆራችሁም?

ሐይቅ ዳር፦
ቆርቁሮኛል። ግን የአዳራሹን ትዕይንት እስቲ ድገሚው። ኤሊኖር ልጇ ባመጣችው አስማት ድብ ሆናለች፣ መናገር አትችልም። ሜሪዳ ተሸንፋ እሺ አገባለሁ ልትል ስትል እናትየዋ ከኋላ በእጇ ምልክት ታስቆማታለች። ልጆቹ ራሳቸው የወደዱትን በጊዜያቸው ይምረጡ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከድቧ ነው። እሷ ራሷ ስትታጭ ሰግታ እንደነበር ቀደም ብላ ተናግራለች እኮ። ሰው ሁሉ ሜሪዳ በቀስት ስለመታችው ዒላማ ያወራል፣ ለእኔ የፊልሙ ከባዱ ምርጫ ይሄኛው ነው።

የወልድያው፦
አቦ ተዉን እስቲ። ሴት ልጆች ያሳደግሁ አባት ነኝ። እናቷን የጠንቋይ ኬክ አብልታ ድብ ያደረገች ልጅ ናት ጀግናዋ? እኛ አገር እናት እንዲህ አትደረግም።

ሰሚራ (ኮምቦልቻ)፦
ጋሼ፣ ፊልሙም ጥፋት ነው አለ እንጂ መች አጨበጨበላት፣ የቀደደችውን የቤተሰቡን ጥልፍ በገዛ እጇ ሰፍታ አልቅሳ ይቅርታ ጠይቃለች። «እኛ አገር» ካሉ ደግሞ የወሎዋን ገዥ ወርቂትን ያንሱልኝ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ እጇ ሲገባ ልጇ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበር። ምኒልክን እንዲያልፍ ለቀቀችው፣ ልጇም ተገደለ። ክፉ እናት ልንላት ነው ወይስ ፖለቲካ የሚገባት ሴት?

ሌላው ደግሞ ታሪኩን የፈጠረችው ብሬንዳ ቻፕማን ናት፣ ያውም ከገዛ ልጇ ጋር ካላት ግንኙነት ተነስታ። ፊልሙ ሳያልቅ ከዳይሬክተርነት አነሷትና በወንድ ተኩ፣ ኦስካሩን ግን በ2013 (እ.ኤ.አ.) አብረው ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ዲዝኒ ሜሪዳን ወገቧን አቅጥኖ፣ ቀስቷን አስጥሎ አሳምሮ ብቅ አደረጋት። ቻፕማን በአደባባይ ተቃወመች።

የወልድያው፦
የወርቂትስ እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። ኬኩ ግን አሁንም አልዋጥልህ ብሎኛል።