«ባትሪ አይሞትም፤ ይተኛል» በሚለው ማስታወቂያ ላይ የተነሣ ክርክር

የአራት ኪሎው፦ ዛሬ ጠዋት ፒያሳ በአንድ የላፕቶፕ ጥገና ቤት በር ላይ «ባትሪ አይሞትም፤ ይተኛል። እኛ እንቀሰቅሰዋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ቃል ከሌላ ቤት ሰምቼና አምኜ የሰባት ዓመት ላፕቶፔን ባትሪ ሰጥቼ ነበር። «ተቀስቅሶ» በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት አብጦ የመዳፊቱን ሰሌዳ ከቦታው ገፍቶ አነሣው። ቤት ሊያቃጥል የሚችል ዕቃ የሚከፍተውን ሰው ማን ፈተነው? በእኔ እምነት የላፕቶፕ ባትሪ ከፍቶ መጠገን ሊከለከል ይገባል።

ባለ መበየጃው፦ በደረሰብዎት አዝናለሁ፤ ነገር ግን «ይተኛል» የሚለው ቃል ማጭበርበሪያ አይደለም። ለወራት ሳይነካ የተቀመጠ ባትሪ ቮልቱ እየወረደ ሲሄድ የራሱ መቆጣጠሪያ ቦርድ መስመሩን ይዘጋል፤ ላፕቶፑም ባትሪ እንደሌለው ይናገራል። ሴሉ፣ ማለት በባትሪው ውስጥ ኃይል የሚይዘው ክፍል፣ ቮልቱ እጅግ ሳይወርድ ከተደረሰለት በአነስተኛ ከረንት ቀስ ተብሎ ሲሞላ ይነሣል። ይህ መተኛት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የአራት ኪሎው፦ የእኔ ባትሪ ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የከረመ ሳይሆን በየቀኑ ሲሠራ ያረጀ ነበር። እርጅናን እንቅልፍ ብሎ መጥራትን ነው የምቃወመው። የሊቲየም ባትሪ ጥቂት መቶ ጊዜ ሞልቶ ከተራገፈ በኋላ አቅሙ የሚያንሰው፣ ሊቲየሙ በአሉታዊው ዋልታ ላይ በሚያድግ ሽፋን እየተያዘ ስለሚቀር ነው። ያንን ማን ሊቀሰቅስ ይችላል?

ቀበና፦ እህቴ ባትሪዋን በላስቲክ ጠቅልላ አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ካሳደረች በኋላ ሞልታ እስኪጠፋ ድረስ ተጠቀመችበት። ከዚያ ወዲህ በ30 በመቶ ላይ ድንገት መጥፋቱን ትቷል። ለዚህስ ምን መልስ አላችሁ?

ባለ መበየጃው፦ ፍሪዘሩ እርጥበት ከማምጣት በቀር የፈየደው የለም። የረዳት ሞልቶ ማራገፉ ነው፤ እርሱም ያስተካከለው በመቶኛ የሚያሳየውን ቆጣሪ እንጂ የባትሪውን አቅም አይደለም። የተሳሳተ የእጅ ሰዓት ስለተስተካከለ ቀኑ አይረዝምም። «ባትሪ ልማድ ያወጣል፤ ሳያልቅ ከተሞላ አቅሙን ይረሳል» የሚባለውም ኒኬል ካድሚየም ከሚባሉት የድሮ ባትሪዎች ዘመን የቀረ ወሬ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ መተመን ከጀመረ በኋላ ከውጭ የሚገባ ባትሪ ዋጋው የት እንደደረሰ የምታውቁት ይመስለኛል። መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ የሚጠፋበት ሰው ምን ያድርግ? መከልከል ቀላል የሚሆነው ሌላ መግዛት ለሚችል ነው።

የአራት ኪሎው፦ እመቤቴ፣ ሌላ መግዛት የሚችል ሰው በሰባት ዓመት ላፕቶፕ ይሠራል?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የእኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ባትሪውም ሁለት ጊዜ ተጠግኖ እስካሁን አላበጠም።

ባለ መበየጃው፦ የእርስዎ ባትሪ በፊት ተነቃይ ከነበሩት ከሆነ በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት 18650 ሴል አለ፤ ቁጥሩ ስፋቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሁለት ሁለት እየተጣመሩ በሦስት ደረጃ ይያያዛሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ እስከ 4.2 ቮልት ስለሚሞላ የሦስቱ ድምር 12.6 ይሆናል። በትክክል የሚሠራ ሰው አንድ ዓይነትና እኩል ቮልት ያላቸውን ሴሎች መርጦ በነጥብ ብየዳ ያያይዛል፤ በመበየጃ ብረት ማቃጠል ሴሉን ይጎዳዋል። ከዚያም በኋላ ቦርዱ የአሮጌውን ታሪክ ይዞ አልሠራም ሊል ይችላል።

የአራት ኪሎው፦ እንግዲህ ራስዎ ተናገሩት! ሴሉን አውጥታችሁ ሌላ ከተካችሁ የተቀሰቀሰው የትኛው ነው? ሟቹን ቀብራችሁ በልብሱ ሌላ ሰው አስገብታችኋል።

ባለ መበየጃው፦ ቦርዱም ሣጥኑም የቀድሞው ነው። የመኪና ሞተር ሲታደስ «ሌላ መኪና ሰጣችሁኝ» ብሎ የሚከስ አላየሁም።

ቀበና፦ እኔን የሚያሳስበኝ የሚተካው ሴል ከየት እንደሚመጣ ነው። ከሌላ አሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ አይደለምን?

ባለ መበየጃው፦ አንዳንዱ ቤት እንዲያ ያደርጋል፤ አልክድም። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል በውስጡ መዳብ ስለሚሟሟ፣ ዳግም ሲሞላ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቶ ሾርት ሊያደርግ ይችላል፤ እኔ እንዲህ ያለውን አልነካም። ነገር ግን አደጋው የጠጋኝ ብቻ ተደርጎ አይቅረብ። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዴል የሶኒ ሴል ያለባቸውን 4.1 ሚሊዮን ገደማ ባትሪዎች የሰበሰበው ከፋብሪካ በወጣ እንከን ነው።

የአራት ኪሎው፦ ፋብሪካው ሲሳሳት ሰበሰበ። የእኔን ያበጠ ባትሪ ማን ሰበሰበው? እስካሁን በረንዳ ላይ አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቢያንስ ወረቀቱ ላይ «ሴል እንቀይራለን» ብላችሁ ጻፉ።

ባለ መበየጃው፦ እንዲያ ብዬ ብጽፍ ደንበኛው «ሴል ምንድን ነው?» ብሎ ጎረቤቴ ዘንድ ይገባል፤ ጎረቤቴ «እንቀሰቅሳለን» ብሎ ለጥፏልና።

የአራት ኪሎው፦ ስለዚህ የተኛው ደንበኛው ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ተኝቼ አይደለም፤ አሁን መብራት የለም፤ ይህንንም የምጽፈው በተጠገነው ባትሪ ነው።