የአባታችን ቤት ይፍረስ ወይስ ይታደስ? የባሕር ዳር ልጆች ውይይት

ጠያቂዋ፣ ከበርሊን፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ታላቅ ወንድሜ፣ አባታችን በንጉሡ ዘመን ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ የሠራውን ቤት አፍርሶ ፎቅ ሊያቆም አስቧል፤ ድርሻዬን እንድልክና ውክልና እንድሰጠው ይወተውተኛል። ቤቱ በባሕር ዛፍ ቆሞ በጭድ ጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው፤ በበረንዳውና በመንገዱ መካከል አባታችን የተከላቸው ማንጎዎች አሉ። ዜግነቴን ስለቀየርኩ በውርሱ ላይ ምን መብት አለኝ? ውክልናውስ እንዴት ይሰጣል? መፍረሱም ቅር እያለኝ ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ፣ ከሽቱትጋርት፦ እኅቴ፣ አስቀድሞ ቦታው እንዴት እንደተሸነሸነ ማወቅ ይበጅሻል። ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የጦርና የአስተዳደር ጣቢያ ያደረጋት ባሕር ዳር በእርግጥ ከተማ የሆነችው በ1950ዎቹ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ በ1953፣ ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955፣ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዋና ከተማውን ወደዚያ የማዛወር ሐሳብ ነበራቸው። ማስተር ፕላኑን የነደፈው የዳርምሽታቱ ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የመሩት የጀርመን ቡድን ነው። ስለዚህ ቅርሱ ጭቃው ሳይሆን መስመሩ ነው፦ የመንገዱ ስፋት፣ ዘንባባው፣ ቤቱ ከመንገድ ገባ ብሎ መቆሙ። ወንድምሽ ፎቁን በድሮው በረንዳ መስመር ላይ ካቆመና ማንጎዎቹን ካልቆረጠ ከተማዋ የምታጣው ነገር የለም።

ጎረቤትሽ፣ ከበርሊኑ ብሪትስ ሰፈር፦ ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። የምኖረው አርክቴክቶቹ ብሩኖ ታውትና ማርቲን ቫግነር በ1925 እ.ኤ.አ. በጀመሩት የፈረስ ኮቴ ቅርፅ ባለው ሰፈር ውስጥ ነው። 350 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሕንፃ ኩሬውን ዞሮ ይከባል፤ የተሠራውም በጨለማ ጓሮ ቤቶች ታጭቀው ይኖሩ ለነበሩ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ከሌሎች አምስት የበርሊን ሰፈሮች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ታውት በቀለም ያምን ስለነበር ባለቤቱ የበሩን ቀለም ልለውጥ ቢል እንኳ የቅርስ ባለሥልጣኑን ያስፈቅዳል። መስመሩ ብቻ ቢጠበቅ ኖሮ ይህ ሰፈር ከሌላው በምን ይለይ ነበር?

የሽንብጥ ልጅ፣ ከዋሽንግተን፦ እዚያ ሕጉም ገንዘቡም አለ። እኛ ጋ ግን ጭቃው ክረምት በመጣ ቁጥር ይረግፋል፤ የማስመረጊያውንም የምንልከው እኛው ነን። ደግሞስ ሰፈሮቻችን የተጎዱት በፎቅ ነው እንዴ? በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የተፈቀደው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ የቀበሌ ቤት ቆርቆሮውን የሚቀይርለት አላገኘም፤ ተከራዩ የኔ አይደለም ይላል፣ ቀበሌው ኪራዩ አይበቃም ይላል። እኔ ራሴ ሰፈሩን አይቼ መመለስ ስለሚከብደኝ ገንዘቡን መላክ ይቀለኛል፤ የሐይቁን ንፋስ ግን እዚህ ማን ይልክልኛል?

ጣና ዳር፣ ከኦስሎ፦ ስለ ፕላኑ ስታወሩ የነገደ ወይጦን ሰዎች ማንም አላነሳም። ታንኳቸውን ከደንገል እየሠሩ በሐይቁ ዳር የኖሩት እነሱ፣ ከተማዋ ባደገች ቁጥር ከዳርቻው ተገፍተዋል። ያማረው ጎዳና ለማን እንደታቀደ ሳንጠይቅ በረንዳ እናድን ማለት አይዋጥልኝም።

ጠበቃው፣ ከሚኒያፖሊስ፦ ወደ ጥያቄው ልመለስ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ቤት ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ከሌለሽ መጀመሪያ እሱን አውጪ። ውክልናውን በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ትሰጫለሽ፤ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ውክልናው ለምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት፤ «ለማንኛውም ጉዳይ» የሚል ወረቀት አትፈርሚ። የወራሽነት ማረጋገጫውንም ፍርድ ቤት ነው የሚሰጠው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ የወራሽነት ማረጋገጫው ሳይወጣ ማፍረስ ቢጀምር ላስቆመው እችላለሁ? አሸዋና ጠጠር እያስራገፈ መሆኑን ሰምቻለሁ።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ለኦስሎው ወንድሜ፣ ሰዎቹን ያፈናቀለው ፕላኑ ሳይሆን ፕላኑን ያስፈጸመው አስተዳደር ነው።

ጣና ዳር፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎትና፣ የሐይቁ ዳርቻ ለምን እንደሚውል የወሰነው ፕላኑ አይደለም እንዴ? ካርታው ላይ ቦታ ያልተሰጠውን ሰው አስተዳደሩ የት ሊያሰፍረው ኖሯል?