የዘረመል ዳታ ይዛችሁ ለተቸገራችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ጥቆማ

ሰሞኑን ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች "የበግ ዘረመል ዳታ በእጃችን አለ፤ የት እናሠራው?" ብለው ጠየቁኝ። ለእነሱ በቃል ያልኩትን ለሌሎቻችሁም ልጻፈው።

"ዳታ አናሊሲስ እንሠራለን" የሚሉ ቤቶች አሉ። ለመጠይቅ ጥናት ጎበዞች ናቸው። ለዘረመል ግን አልመክርም። የመንዝ በጎች ዳታዬን ለአንዱ ቤት ሰጥቼ ነበር፤ ወደ 50,000 የዘረመል ምልክቶች፣ ማለትም በጎች በዲኤንኤ የሚለያዩባቸው ቦታዎች። ልጁ እያንዳንዱ ከሚጠናው የበጎቹ ጠባይ ጋር ግንኙነት እንዳለው ለብቻው ፈትኖ፣ ፒ ቫሉው (ግንኙነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የሚመጣበት ዕድል) ከ0.05 በታች የሆነውን ሁሉ "ተገኘ" ብሎ አስረከበኝ። አንድም እውነተኛ ግንኙነት ባይኖር እንኳ 2,500 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ከዚያ በታች ይወርዳሉ! አማካሪዬ ገና ሲያዩት መለሱልኝ። ሦስት ወር ባከነ። በቦንፌሮኒ ዘዴ፣ 0.05 ለፈተናዎቹ ብዛት ተካፍሎ ቢሰላ፣ ወሰኑ 0.000001 ነው። እሱ በጣም ከጠበቀባችሁ ቤንጃሚኒና ሆችበርግ በ1995 ያወጡት ዘዴ አለ፤ "ተገኘ" ካላችሁት ውስጥ የሐሰቱን ድርሻ ይቆጣጠርላችኋል።

ወደ ሶፍትዌሩ ልምጣ። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ (SPSS) በክፍያ ነው፤ ለዚህ ሥራም አልተሠራም። ዳታ ለማጥራት ፕሊንክ (PLINK)፣ ለትንተናው ጄማ (GEMMA) ይሻላል። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ጄማን የምወደው ዝምድናን ስለሚያስብ ነው። የአንድ መንጋ በጎች ብዙዎቹ የአንድ አውራ ልጆች ናቸው፤ ይህን የዘለለ ስሌት ያሳስታል።

የአርኤንኤ ቆጠራ (እያንዳንዱ ዘረመል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ ቁጥር) ለያዛችሁ ደግሞ አር (R) በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ዲኢሴክ2 (DESeq2) ወይም ኤጅአር (edgeR) ጫኑ። ለጀማሪ ዲኢሴክ2ን አስቀድማለሁ፣ መመሪያው ግልጽ ነው። ላፕቶፓችሁ አቅም ካነሰው ጋላክሲ (Galaxy) የተባለው ድረ ገጽ ትንተናውን በኢንተርኔት በነጻ ይሠራላችኋል። ትልልቅ ፋይል በሞባይል ዳታ መጫን ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሌሊት ሞክሩት።

ከሁሉም በላይ የማሳስባችሁ አንድ ነገር አለ። የመንዙን ናሙና ሰኞ፣ የደብረ ብርሃኑን ሐሙስ ላብራቶሪ ካስገባችሁ፣ ልዩነቱ የቦታው ይሁን የቀኑ የሚለይላችሁ ሶፍትዌር የለም። ከሁለቱም ቦታ እያቀላቀላችሁ አስገቡ። ይህ የሚስተካከለው ናሙናው ላብራቶሪ ከመግባቱ በፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ለዳታ ቤት ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ብር ያዙትና ዩኒቨርሲቲው ስታቲስቲክስ ክፍል ሂዱ። የናሙና ዕቅዳችሁን በወረቀት ይዛችሁ አንድ መምህር አማክሩ። ስንት በግ፣ ከየትኛው መንጋ፣ በየትኛው ቀን፣ ሁሉንም ጽፋችሁ ውሰዱ።