ኢኮኖሚው ካደገ ጭሱም የግድ ያድጋል ወይ? (ክርክር)

የመርካቶ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቁጥር እንቅልፍ ነስቶኛል። ኢትዮጵያ በ2021 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው ዕቅድ በ2030 የበካይ ጋዝ ልቀቷን በ68.8 በመቶ እንደምትቀንስ ቃል ገብታለች። ቅነሳው ግን ዛሬ ካለንበት አይደለም። ምንም ካልተደረገ ይደረስበታል ከተባለው 403.5 ሚሊዮን ቶን ላይ ነው። እሱ ደግሞ የኢኮኖሚ ዕድገት ትንበያ ልጅ ነው። ዕድገቱን አግንነህ ከተነበይክ ቅነሳውም አብሮ ይገናል። በእኔ እምነት መቶኛውን ትተን በቶን ብቻ ብንነጋገር ይሻላል።

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ቶኑም እኮ ተጽፏል፤ ቅነሳው ከተሳካ በ2030 የሚቀረው ልቀት 125.8 ሚሊዮን ነው። ከ68.8ቱ ነጥብ በራሳችን አቅም የምንሠራው 14ቱን ነው፣ ሌላው የውጭ ድጋፍ ይጠብቃል። ትንበያ ከሌለ ደግሞ ምን ያህል ድጋፍ እንጠይቃለን? ስሌቱ ከባድ አይደለም። የሕዝቡን ቁጥር በነፍስ ወከፍ ገቢ ታባዛለህ። ያንን ለእያንዳንዱ ብር ምርት በሚፈጀው ኃይል፣ ከዚያም ኃይሉ በሚያወጣው ካርቦን። ጃፓናዊው ዮይቺ ካያ ያስተዋወቀው ቀመር ነው። እኛ የመጨረሻዋን ቁጥር እየሰበርናት ነው። ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው፣ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባትም ከ2024 ጀምሮ ተከልክሏል። ኢኮኖሚው አድጎ ጭሱ ላያድግ ይችላል።

የሰበታዋ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ቀመር የሚያየው የሚነደውን ነዳጅ ነው። የኛ ጭስ ግን በዋናነት ከዚያ አይወጣም። የ2011 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንዳለው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከነበረው 150 ሚሊዮን ቶን ከ85 በመቶ በላይ የመጣው ከእርሻና ከደን ነው። ላም ስታመነዥክ ሜቴን ታወጣለች፣ ገበያ ብትወጣም ባትወጣም። ያው ሰነድ 50 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የቀንድ ከብት በ2030 ከ90 ሚሊዮን ያልፋል ብሎ ገምቷል። ይህ የግድብ ጉዳይ አይደለም።

የቤቴን ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። ለእንጀራ ሊጥ አቡክቼ፣ ምጣዱ ግሎ፣ መብራት ድርግም ይላል። ሊጡ እንዳይኮመጥጥ ወደ ጓሮ ወጥቼ እንጨት አነዳለሁ። ለቡናና ለወጥ ደግሞ በር ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የሚመጣው ከሰል አለ፣ ያለ ደረሰኝ። ጠያቂ መጥቶ «መብራት አላችሁ?» ቢለኝ መልሴ አዎ ነው። የልቀት ትንበያው ሞዴል ውስጥ የምገባው በዚያች አዎ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦
ይኸው! የእኔም ጥያቄ ይኸው ነበር።

መምህሩ፦
የከሰሉን ነገር ተቀብያለሁ እታለም፣ ልክ ነሽ። ግን ዕድገት ሲመጣ ድርሻው ይቀየራል፣ ሲሚንቶን ተመልከቱ። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦኑ የሚወጣው ከራሱ ከድንጋዩም ነው። ምድጃውን በውኃ ኃይል ብታሠራው እንኳ ያ አይቀርም። በሲሚንቶው በሚሠራው ፎቅ ውስጥ ያለው ፌሮ ደግሞ ከውጭ የመጣ ከሆነ ልቀቱ የሚመዘገበው በተመረተበት አገር ነው። ስለዚህ አንዱ ሕንፃ በግማሽ ብቻ በኛ መዝገብ ይገባል። ይህን የሚያሳየው ዘርፍ ከዘርፍ የሚያያይዝ የግብዓትና ምርት ሠንጠረዥ ነው። ለእኔ ሥራው እዚያ ነው።

የሰበታዋ፦
ሠንጠረዡ ይሠራ፣ አልቃወምም። ግን የከሰሉ ረድፍ ባዶ ሆኖ ሲሚንቶው እስከ ነጥቡ ቢሞላ አልቀበለውም። ከከተማው መውጫ ላይ የሚገቡትን ከረጢቶች አንድ ወር ሙሉ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ይመደብ። ቀመሩን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበት።