አባዬ በጾም የዓይን ጠብታ አልጨምርም አሉ

የመሃል ሜዳዋ፦
ሰላም ናችሁ? አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። አምና ደብረ ብርሃን ወስጄ ሳስመረምራቸው ግላኮማ ነው ተባለ። የግራ ዓይናቸው ግፊት 34 ነበር። ቲሞሎል የሚባል ጠብታ ታዘዘላቸው፣ ጠዋትና ማታ። ዓቢይ ጾም ሲገባ የጠዋቱን ተዉት። «ጉሮሮዬ ድረስ ወርዶ ይመረኛል፣ ጾም ያስፈታል» ይላሉ። ደግሞ «ለውጥም የለው፤ እንደ ጎረቤታችን ሞራዬን ይግፈፉኝና ልገላገል» ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ጡረተኛው ሹፌር፦
እህቴ፣ እኔም ከጠብታ ጋር 9 ዓመት ኖሬአለሁ። የጣርማ በርን ቁልቁለት ስወርድ ነው የነቃሁት። በግራዬ አህያ ገብታ ረዳቴ ባይጮህ ገጭቻት ነበር። የሚገርመው፣ ከዚያ በፊት ፊደሉን እስከ ታች አንብቤ ዓይንህ ደህና ነው ተብያለሁ! ግላኮማ ከዳር ነው የሚበላው፤ ፊት ለፊት ያለውን እያየህ ጎንህ ይጨልማል። ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አይቀላም።

ሞራ ሲገፈፍ ብርሃን ይመለሳል። ይሄኛው ግን ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው የሚጎዳው፣ የሄደው ሄደ። ጠብታው የቀረውን ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ «ለውጥ የለውም» ካሉ ደስ ይበልሽ።

ምሬቱን በተመለከተ፦ አንድ ጠብታ ብቻ ይጨምሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለ2 ደቂቃ ይጫኑ። መውረጃው እዚያ ጋ ነው፤ ሲዘጋ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቆያል። ጾሙን የነፍስ አባታቸው ይንገሯቸው። የእኔው ሳቁብኝና «መድኃኒት መቼ ምግብ ሆነ?» አሉኝ።

ነርሷ፦
ጋሼ ጨርሰውታል። አንድ ልጨምር፦ ቲሞሎል አስም ይቀሰቅሳል፣ የልብ ምትም ያዘገያል። አባትሽ እንዲህ ያለ ነገር ካለባቸው ሐኪሙ ይወቅ። ማታ ብቻ የሚጨመር ሌላ ጠብታም አለ፣ ጠይቂ። ራስሽ ግን እንዳትቀይሪ። የተለመደው ግፊት ከ10 እስከ 21 ነው፤ ግን ግፊቱ ደህና ሆኖም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ። በዘር ስለሚሄድ አንቺም ወንድሞችሽም ነርቩን ጭምር ታዩ።

የመሃል ሜዳዋ፦
አስም የለባቸውም፣ ተመስገን። አሁን ደውዬ በስልክ አስጨመርኳቸው። ጥጉን ተጭነው ዝም አሉ። ቆይተው «አልመረረኝም እኮ» አሉ። የነፍስ አባታቸውን ግን እሑድ ሳላገኛቸው የጠዋቱን አልጀምርም ብለዋል።