የባት ሕመም በ4ኛው ቀንም አልለቀቀኝም፤ ልምምዱን ልቀንስ ወይስ ላቁም?
ሰላም ለሁላችሁ። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቼ ቆሜ ተረከዜን በ3 ሰከንድ ቀስ እያልኩ ወደ ታች አወርዳለሁ፤ 15 ጊዜ፣ 3 ዙር። ጡንቻ እየተለጠጠ ሲሸከም ይበልጥ ስለሚጎዳ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ማመሙ የሚጠበቅ ነው። የቸገረኝ በ4ኛውም ቀን ደረጃ መውረድ እያቃተኝ መሆኑ ነው። የ20 ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃና በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለጊዜው ያስታግሱታል፤ ማፍታታቱ ግን ጠብ ያለለት ነገር የለም (ድሮም ይህን ሕመም እምብዛም አይከላከልም)። እብጠት፣ መቅላት፣ በአንድ እግር ብቻ የሚሰማ ሕመም ወይም የጠቆረ ሽንት የለም፤ ቢኖርማ በቀጥታ ሐኪም ጋ ነበር። ወደ 8 ጊዜ፣ 2 ዙር አውርጄ በየ3 ቀኑ ልቀጥል ወይስ ሕመሙ ጨርሶ እስኪጠፋ ልጠብቅ? ለረጅም ጊዜ ካቋረጥኩ ጡንቻው የለመደውን ያጣና እንደገና ከዜሮ እንዳልጀምር ሰግቻለሁ።